ኤምባሲው ይቀልድ፣ ቀልደኛው ዝም ይበል?

ስለ ስላቅና ዲፕሎማሲ ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ አምስት ነገር ይላል። ስላቅ የሕዝብ ንዴት ማስተንፈሻ ከመሆን አልፎ ገዥን አይነካም። በውጭ አገር መሪ ላይ ሲሆን የአገሮችን ግንኙነት ስለሚያበላሽ በሕግ ይገደብ። ሰውን ስለሚያሳስት እያንዳንዱ ቀልድ ላይ ቀልድ መሆኑ ይጻፍበት። ኤምባሲዎችና የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ግን በማኅበራዊ ሚዲያ በቀልድ ቢጠቀሙ ይበጃል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሰምና ወርቁ ይበቃናል። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት ያስታውቃል፤ የጠቀሷቸው ክስተቶችም በእርግጥ የሆኑ ናቸው። ችግሩ ክስተቶቹ የሚመሰክሩት ሌላ፣ ጸሐፊው የደረሱበት ድምዳሜ ሌላ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና አራተኛው ነጥብ ጎን ለጎን ሲነበቡ ደግሞ የመቀለድ ፈቃድ ከዜጋ ተነጥቆ ለመንግሥት ይሰጥ ማለት ይሆናሉ። ቅደም ተከተላቸውን ሳልጠብቅ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከከባዱ ልነሳ። ጸሐፊው የ2016ቱን የጀርመንና የቱርክ ውዝግብ ጠቅሰው፣ አንድ ግጥም ሁለት አገር እንዳጣላ አድርገው አልፈውታል። ነገሩ የተጀመረው ግን ከግጥሙ በፊት ነው። ማርች 17 ቀን «ኤክስትራ 3» የተባለው የጀርመኑ ኤንዲአር ቴሌቪዥን የስላቅ ፕሮግራም በፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ላይ ሁለት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ዘፈን አስተላለፈ። አንካራ የጀርመኑን አምባሳደር ማርቲን ኤርድማንን ጠርታ ቪዲዮው እንዲወርድ ጠየቀች። የፕሮግራሙ አዘጋጆች ማውረዱን ትተው በቱርክኛና በእንግሊዝኛ የትርጉም ጽሑፍ ከሥሩ ጨመሩበት፤ ተመልካቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚሊዮን ተቆጠረ። ለጀርመን ተመልካች ተሠርቶ በዚያው ሊረሳ ይችል የነበረውን ዘፈን ቱርክኛ ያናገረው የቱርክ መንግሥት ቁጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግጥሙ የመጣው ከዚህ በኋላ፣ ማርች 31 ቀን ነው። ጀርመናዊው የስላቅ ፕሮግራም አቅራቢ ያን ቦመርማን በዜድዲኤፍ ኒዮ ጣቢያ ስለ ዘፈኑ ውዝግብ ሲያወራ፣ በጀርመን ሕግ በሚፈቀደው ስላቅና በማይፈቀደው ተራ ስድብ መካከል ያለውን ልዩነት ላስረዳ አለና፣ ለማይፈቀደው ምሳሌ ብሎ በኤርዶዋን ላይ 24 መስመር ጸያፍ ግጥም አነበበ። በየመሐሉ ይህ አይፈቀድም እያለ ያቋርጣል። የሥራው ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ስድቡ እንደ ጥቅስ ነው የቀረበው፣ የታቀፈበት ወግ ደግሞ የሕግ ማብራሪያ ነው። ጣቢያው በማግስቱ ክፍሉን ከድረ ገጹ አነሳው። ከዚያ ወዲያ በብዛት የዞረው ማብራሪያው ተቆርጦ የተጣለለት ስድቡ ነው። ጣቢያው ራሱን ሊያድን ብሎ ለከሳሽ የሚመቸውን ቅጂ አነገሠ። ስላቅ ከማኅደር በተነሣ ቁጥር የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጸሐፊው የሚመኙት ዓይነት ሕግ በጀርመን ነበረ። የወንጀለኛ ሕጉ አንቀጽ 103 የውጭ አገር መሪን መስደብ እስከ 3 ዓመት፣ ስም ማጥፋት ከሆነ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣ ነበር። ክስ እንዲመሠረት ግን ሁለቱ አገሮች ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ሊኖራቸው፣ ተመሳሳይ ጥበቃ በሌላኛውም አገር ሊኖር፣ ተሰደብኩ ያለው መንግሥት በይፋ ሊጠይቅ፣ በመጨረሻም የጀርመን መንግሥት ሊፈቅድ ይገባል። ነገሩን ያወሳሰበው ይህ የመጨረሻው ነው። ለዳኛ የሚገባው ጉዳይ መራሒተ መንግሥቷ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ሜርክል ቢፈቅዱ ለኤርዶዋን ተንበረከኩ ሊባሉ፣ ቢከለክሉ ግጥሙን መንግሥት ደገፈው ሊባል። ቀደም ሲል በቃል አቀባያቸው በኩል ግጥሙን ሆን ተብሎ ለመጉዳት የተጻፈ አሰኝተውት ስለነበር ደግሞ መፈናፈኛ አልነበራቸውም፤ ያን ማለታቸው ስህተት እንደነበር ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ኤፕሪል 15 ቀን ምርመራው እንዲቀጥል ፈቀዱ፣ በዚያው መግለጫ አንቀጹ እንደሚሻር አስታወቁ። የማይንዝ ዐቃቤ ሕግ ኦክቶበር 4 ቀን መዝገቡን ዘጋ። አንቀጽ 103 ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ተሽሯል።

ኤርዶዋን በዚህ ሁሉ መካከል መፍትሔ አላጡም። እንደማንኛውም ሰው ሃምቡርግ ላይ በፍትሐ ብሔር ከሰሱ፤ በፌብሩዋሪ 2017 ከ24ቱ መስመሮች 18ቱ እንዳይደገሙ ተፈረደላቸው። ልዩው ሕግ ያልሰጣቸውን ተራው ሕግ ሰጣቸው።

ግንኙነቱስ? የአውሮፓ ኅብረትና ቱርክ በስደተኞች ጉዳይ የተስማሙት ማርች 18፣ ዘፈኑ በተላለፈ ማግስት ነው። ስደተኞችን ከግሪክ ወደ ቱርክ መመለስ የተጀመረው ኤፕሪል 4፣ ስለ ግጥሙ ጩኸቱ በበረታበት ሳምንት ነው። ስምምነቱ አልፈረሰም። ቱርክ አምባሳደሯን ከበርሊን ለምክክር የጠራችው ጁን 2 ቀን ሲሆን፣ ምክንያቱም የጀርመን ምክር ቤት በኦቶማን ዘመን በአርመኖች ላይ የተፈጸመውን የዘር ማጥፋት ብሎ መሰየሙ ነው። ግጥም ያላስጠራውን አምባሳደር የምክር ቤት ድምፅ አስጠራው። ይህ ቀን ጽሑፉ ውስጥ ቢገባ ኖሮ የክርክሩ ምሰሶ ይወድቅ ነበር።

የዴንማርኩ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል፤ ሰው ሞቶበታል፣ ተቃልሎ መነገር የለበትም። «ዩላንድስ ፖስተን» ጋዜጣ በነቢዩ ሙሐመድ ላይ ያተማቸው 12 ሥዕሎች ብዙ ሙስሊሞችን ከልብ አስከፍተዋል፤ የተከፋ ሰውም ለምን ተከፋህ ሊባል አይገባም። ግን ጊዜውን እንቁጠር። ሥዕሎቹ የታተሙት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2005 ነው። ኦክቶበር 12 ቀን የአሥራ አንድ አገሮች መልእክተኞች ጠቅላይ ሚኒስትር አናስ ፎግ ራስሙሰንን ለማነጋገር በደብዳቤ ጠየቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀጠሮ አልሰጡም፤ ቅር የተሰኘ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል የሚል መልስ በጽሑፍ ላኩ። በደማስቆና በቤይሩት የዴንማርክ ሚሲዮኖች የነበሩባቸው ሕንፃዎች የተቃጠሉት ፌብሩዋሪ 4 እና 5 ቀን 2006 ነው። በመካከሉ አራት ወር አለ። በእነዚያ ወራት ከዴንማርክ ተነሥተው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የዞሩ የሃይማኖት ሰዎች የያዙት ጥራዝ፣ ጋዜጣው ጭራሽ ያላተማቸውን ምስሎች ጭምር ይዞ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋዜጣ ላይ ሥልጣን የለኝም የሚለውን ትክክለኛ ነገር ሻይ አቅርበው ፊት ለፊት ሊናገሩት ይችሉ ነበር። እንግዳ ማነጋገር ለእንግዳ መታዘዝ አይደለም። እዚህ የወደቀው ዲፕሎማሲው ነው፤ ጸሐፊው ግን ዕዳውን በሙሉ ለሥዕሉ አስከፈሉት።

ስለ ሕግ ካነሣን፣ የ1961ዱ የቪየና ኮንቬንሽን አንቀጽ 22 እና 29 ተቀባዩ አገር የሚሲዮኑን ሕንፃና የዲፕሎማቱን አካል ከጥቃት፣ ክብራቸውንም ከመደፈር እንዲጠብቅ ያስገድዳሉ። ኤምባሲ ሲቃጠል ቆሞ ያየ መንግሥት እነዚህን አንቀጾች ጥሷል። የአገሩን ጋዜጣ ካርቱን እንዳያወጣ እንዲያግድ የሚያስገድድ አንቀጽ ግን ኮንቬንሽኑ ውስጥ የለም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2002 በጋዜጠኛው በኮሎምባኒና በፈረንሳይ መንግሥት ጉዳይ፣ የውጭ አገር መሪን ከተራ ሰው በላይ ከትችት የሚከልል ሕግ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። ጋዜጠኛው በፈረንሳይ እንዲከሰስ የጠየቁት የሞሮኮው ንጉሥ ዳግማዊ ሐሰን ነበሩ። ፈረንሳይ ያን ድንጋጌ በ2004 ሰረዘችው።

ጎረቤት አገርም ምሳሌ አለ፣ ጸሐፊው አላነሡትም እንጂ። በጃንዋሪ 2015 ናይሮቢ የሚታተመው «ዘ ኢስት አፍሪካን» ጋዜጣ በካርቱኒስቱ ጋዶ የተሳለ፣ የታንዛኒያውን ፕሬዚዳንት ኪክዌቴን የሚነካ ካርቱን አወጣ። በዚያው ወር ጋዜጣው በታንዛኒያ እንዳይሰራጭ ተከለከለ፤ በይፋ የተሰጠው ምክንያት አልተመዘገበም የሚል ነው፣ ለሃያ ዓመት ያህል እዚያው ሲሸጥ ኖሮ። የኬንያና የታንዛኒያ ግንኙነት በዚህ ምክንያት አልተቋረጠም። የተጎዳው የታንዛኒያ አንባቢ ነው። ጋዶ ራሱ የዳሬሰላም ልጅ መሆኑን ማስታወስም ያስፈልጋል፤ ባዕድ በማያውቀው አገር መሪ ላይ አላገጠ እንዳይባል።

እንግዲህ የኤምባሲ የፕሬስ ክፍል እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ሙሉውን ከምንጩ ይመልከት፤ ሰው የላከለት ቁራጭ ማስረጃ አይሆንም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ሲተረጉም ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያለውን፣ ማን በምን ጣቢያ በየትኛው ሰዓት እንዳቀረበው፣ ምን ያህል ሰው እንዳየው አብሮ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ስድብ ያለባቸው ሦስት መስመሮች ተነቅሰው ወደ አገር ቤት ይላካሉ፣ ሚኒስትሩ የሚቆጡት በሦስቱ መስመሮች ነው። ቀጥሎ ከመሰላሉ ዝቅተኛውን ደረጃ ይያዝ፦ ለአዘጋጁ ስልክ መደወል፣ ካልሆነ ለመልስ ቦታ እንዲሰጥ በደብዳቤ መጠየቅ፣ ካልሆነ በውጭ ጉዳይ በዴስክ ደረጃ ማንሣት። አምባሳደር ጠርቶ ማነጋገር በራሱ ዜና ነው፤ ቀልዱን ያላየው ሁሉ ምን ቢባል ነው ብሎ ይፈልገዋል። አንዴ ከተወጣ በኋላም ያለ ይቅርታ መውረድ ያስቸግራል፣ ይቅርታውን ደግሞ መንግሥት ባልሠራው ሥራ ሊሰጥ አይችልም።

ወደ አራተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ኤምባሲዎች ይቀልዱ ወደሚለው። በኤፕሪል 2013 በካይሮ የአሜሪካ ኤምባሲ በትዊተር ገጹ የአሜሪካዊውን ኮሜዲያን የጆን ስቱዋርትን አንድ የቴሌቪዥን ክፍል አጋራ። ስቱዋርት በዚያ ክፍል፣ ግብፃዊው ኮሜዲያን ባሴም ዩሱፍ በዐቃቤ ሕግ ስለተጠራ በፕሬዚዳንት ሙርሲ ላይ ይቀልዳል። ስቱዋርት ሲናገረው አንድ ኮሜዲያን ለሙያ ባልደረባው መቆርቆሩ ነበር። ያው ቪዲዮ በኤምባሲው ገጽ ላይ ሲወጣ የአሜሪካ መንግሥት አቋም ሆነ። የግብፅ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት እዚያው ትዊተር ላይ፣ ይህ ለዲፕሎማቲክ ሚሲዮን የማይገባ ፖለቲካዊ ፕሮፓጋንዳ ነው ብሎ መለሰ። ኤምባሲው ገጹን ለጥቂት ጊዜ ዘጋው፣ ሲከፍተው ያ ጽሑፍ አልነበረም። የቪየና ኮንቬንሽን አንቀጽ 41 ዲፕሎማት በተቀባይ አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ስለሚከለክል ግብፆች የሚመዙት ሕግ ነበራቸው። ዩሱፍን ሊረዳ የታሰበው ሥራ የባዕድ ወዳጅ ለሚሉት ከሳሾቹ ማስረጃ ነበር የሚያቀብላቸው።

ካናዳም ሞክራዋለች። በኔቶ የካናዳ ልዑክ በኦገስት 2014፣ ዩክሬን ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው ገቡ በተባሉት የሩሲያ ወታደሮች ላይ ለመቀለድ፣ አንዱ አገር «ሩሲያ» ሌላው «ሩሲያ ያልሆነ» ተብሎ የተጻፈበት ካርታ አወጣ። ቀልዱ ያምራል፣ በብዙ ሺህ ሰው ተጋርቷል። በማግስቱ የሩሲያ ልዑክ ክሪሚያን የራሱ አድርጎ የሣለበትን ካርታ መልሶ ለጠፈ። ማለትም በሕግ የሚከራከሩበትን የግዛት ጥያቄ በቀልድ መልክ ለዓለም የሚያሳዩበት ዕድል በነፃ ተሰጣቸው። ዜጋ ቢሳሳት በራሱ ስም ይሳሳታል፣ ነገ ሌላ ቀልድ ይጽፋል። የኤምባሲ ገጽ ግን የሚጽፈው በላኪው መንግሥት ስም ስለሆነ፣ ተቃዋሚው ወገን የሚመልሰውን ሳይገምት ቀልድ መለጠፍ የለበትም። ጸሐፊው ገደብ ያስፈልጋል ማለታቸው ልክ ነው፣ የሚያስፈልገው ግን እዚህ ነበር።

ማስተንፈሻ ነው የሚለው አሮጌ ክርክር ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። የባሴም ዩሱፍን ነገር እንጨርስ፦ በሙርሲ ዘመን ተጠይቆ በ15,000 የግብፅ ፓውንድ ዋስ ተለቀቀ፣ ፕሮግራሙም ቀጠለ። በጁላይ 2013 ሠራዊቱ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ለጄኔራል ሲሲ የሚደረገውን ውዳሴ መንካት ሲጀምር፣ በአዲሱ ወቅት አንድ ክፍል ብቻ ተላልፎ የግብፁ ሲቢሲ ጣቢያ አገደው። ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሮ በጁን 2014 አበቃ። በሩሲያ «ኩክሊ» የተባለው የአሻንጉሊት ፕሮግራም በ2000 ፑቲንን እንደ ድንክ አድርጎ አሳየ፤ በኤፕሪል 2001 ጣቢያው ኤንቲቪ መንግሥት በሚቆጣጠረው የጋዝ ኩባንያ በጋዝፕሮም እጅ ገባ። ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፣ ቀልዱ ግን ከቂሞቹ አንዱ እንደነበር የማይጠረጥር የለም። የሚያስተነፍስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብልህ ገዥ ይደጉመው ነበር። ጸሐፊው ልክ የሚሆኑበት አንድ ዓይነት ስላቅ ግን አለ፤ የመሪውን አካሄድና አነጋገር ብቻ የሚቀዳ፣ ያደረገውን የማይነካ። የፈረንሳይ ቴሌቪዥን የስላቅ አሻንጉሊቶች በ1995 ምርጫ ዋዜማ ዣክ ሺራክን ምስኪንና ተወዳጅ አድርገው እንደጠቀሟቸው ብዙ ታዛቢዎች ተከራክረዋል። ደራሲ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፦ ዒላማዬ የሰውየው አፍንጫ ነው ወይስ ፊርማው ያረፈበት ውሳኔ?

ያሳስታል ለሚለው፣ ያሳስታል። በሴፕቴምበር 2012 የኢራኑ ፋርስ ዜና አገልግሎት፣ የአሜሪካ ገጠር ነጮች ከኦባማ ይልቅ አሕመዲነጃድን ይመርጣሉ የሚለውን የአሜሪካው የስላቅ ጋዜጣ የ«ዚ ኦኒየን» ፈጠራ እንደ ዜና አወጣ። ይቅርታ ሲጠይቅም፣ በነፃ ቢጠየቁ ግን አሜሪካውያን ከራሳቸው ፖለቲከኞች ሌላውን ይመርጡ ነበር ብሎ ጨመረበት። በኖቬምበር የቻይናው ፒፕልስ ዴይሊ ድረ ገጽ፣ ኪም ጆንግ ኡን የዓመቱ ቆንጆ ወንድ ተባሉ የሚለውን የዚያው ጋዜጣ ቀልድ አምኖ 55 ፎቶ ያለው ስብስብ አወጣላቸው። በ2015 የቀድሞው የፊፋ ምክትል ፕሬዚዳንት ጃክ ዋርነር የ«ዚ ኦኒየን»ን ጽሑፍ አሳትመው በእጃቸው ይዘው በቪዲዮ ቀረቡ፣ ለተከሰሱበት ሙስና መከላከያ። የተሳሳቱት ተራ አንባቢዎች አይደሉም፤ የዜና ተቋማትና ትልቅ ባለሥልጣን ናቸው። ሁሉም የተታለሉት መስማት የሚፈልጉትን ስላገኙ ነው፣ መለያ ጽሑፍ ይህን አያድነውም።

መለያው ፋይዳ ቢስ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚቀመጥበት ቦታ ነው ጉዳዩ። ቀልዱ መሐል «ይህ ቀልድ ነው» ሲባል ቀልዱ ይሞታል፣ ቅጂው ሲዞር ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። በአማርኛ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ቀልድ የሚጓዘው በሊንክ ሳይሆን በስክሪንሾት ነው። ስለዚህ የስላቅ ገጹ ስም ከምስሉ ጥግ ይነሣና ከርዕሱ ፊደላት ሥር ደብዘዝ ብሎ ይታተም፤ ጥግ ላይ ያለ በአንድ ጣት ይቆረጣል። የገጹ መግለጫ የስላቅ ገጽ መሆኑን በግልጽ ይናገር። የእውነተኛ መሥሪያ ቤት ማኅተም፣ የደብዳቤ ራስጌና ቁጥር መቅዳት ግን ይቅር፤ ያ ፎርጅድ ሰነድ ነው፣ ከስላቅ ጋር ዝምድና የለውም። ቀን፣ የሟቾች ቁጥርና የስብሰባ ቦታ በቀልድ ውስጥ እውነት በሚመስል መልኩ አይግቡ፤ በተለይ ግጭት ባለበት ሰሞን ሰው በእነዚህ ተመርቶ ይንቀሳቀሳልና።

የቀረው ሰምና ወርቅ ነው። ቅኔያችን ትልቅ ሀብት መሆኑን ማን ይክዳል። ጸሐፊው ግን ጠበቃ አድርገው ነው የሚያቀርቡት፤ ተናጋሪውን ከአደጋ ይከልላል፣ ማንንም አያስቀይምም ይላሉ። ታሪክ እንዲህ አይልም። ግራዚያኒ ከየካቲት 12ቱ ሙከራ በኋላ፣ በማርች 1937፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ከተዘዋዋሪ ዘፋኞች ጋር እየተያዙ እንዲረሸኑ አዟል። ወርቁን የሚፈታለት ባያገኝም ሕዝቡ የሚስቅበት ነገር እንዳለ ገብቶታል። ከዚያ በፊት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎችን ገጸ ባሕርይ አድርገው የቤተ መንግሥቱን ብልሹነት የነኩበት ተውኔት፣ በአገራችን የመጀመሪያው የሚባለው፣ ከመታገድ አልዳነም። አንበሳና ጦጣ መሆናቸው አላዳናቸውም።

በዚህ ላይ ጸሐፊው የረሱት የራሳችን ሕግ አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ሐሰተኛ መረጃን እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሆን እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ ገንዘቡ እስከ 100,000 ብር ይወጣል። አንቀጽ 6 ግን የፖለቲካ ትችትን ከክልከላው ውጭ አድርጓል። ጸሐፊው ያቀረቡት ገደብ ይህን አንቀጽ ሳይነካ ሊጸድቅ አይችልም፤ አንድም ቦታ አላነሡትም። የስላቅ ገጽ ያለው ሰው አንቀጹን ተማምኖ ዝም ብሎ አይቀመጥ፣ ሙሉውን ሥራ ከነቀኑ ያስቀምጥ፤ ክስ ሲመጣ ትችት መሆኑን የሚያሳየው ሙሉው ነው፣ ቁራጩን ከሳሽ ይዞት ይመጣል። የአንቀጹ ከለላ ደግሞ ከድንበር ወዲያ አይከተልም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በዱባይ ወጣቶች ላይ የቀልድ ቪዲዮ የሠራ አሜሪካዊ በ2013 የአንድ ዓመት እስራት ተፈርዶበት ነበር፤ የአገሩ የሳይበር ሕግም ከዚያ ወዲህ አልላላም። ዋሽንግተን ተቀምጦ የተጻፈን ቀልድ ዱባይ ወይም አቡዳቢ ሆኖ የሚያጋራ ሰው የሚዳኘው ባለበት አገር ሕግ ነው።